ልጄ ያለ ጊዜው ተወለደ፤ የወሊድ ፈቃዴ ከመቼ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት በሂሳብ ሠራተኝነት 5 ዓመት ሠርቻለሁ። ደም ግፊቴ ስለጨመረ ሐኪም ሆስፒታል አስተኛኝ። 9 የሥራ ቀን ተኝቼ በ31ኛው ሳምንት ወለድኩ። ልጄ 1.4 ኪሎ ነበር። ይኸው 5 ሳምንቱ፣ ዛሬም ማሞቂያ ክፍል ነው። መሥሪያ ቤቴ የተኛሁባቸውን 9 ቀናት ከዓመት ፈቃዴ ቀንሶብኛል። የቅድመ ወሊዱ 30 ቀን ደግሞ «ስላልወሰድሽው ቀርቷል» ተባልኩ። 90ው ቀን ልጄ ከሆስፒታል ከሚወጣበት ቀን መቆጠር አይችልም? ልጄን ትቼ መግባት ቢያቅተኝስ ያባርሩኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን በሰላም ተገላገሉ። ልጅዎን ያሳድግልዎ።

መጥፎውን ወሬ ላስቀድም። 90ው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ከወለዱ ጀምሮ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። 30ው ቀን ሳያልቅ ከተወለደ የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ይጀምራል ይላል። ልጁ እናቱ እቅፍ ይሁን ማሞቂያ ውስጥ፣ አዋጁ አይለይም።

እኔ ይህን የሕጉ ጉድለት ነው የምለው። 90ው ቀን የታሰበው ልጇን ታቅፋ ቤቷ ለምትገባ እናት ነው። በየ3 ሰዓቱ ወተቷን አልባ በስሪንጅ ለነርሷ የምታቀብል፣ ልጇን ደረቷ ላይ ገላ ለገላ ለጥፋ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የምትውል ሴት ገና መቼ በወጉ ታረሰች? ችሎት ፊት ግን ይህ ሐሳቤ እንደ ሕግ አንቀጽ አይቆጠርም።

ስላልተነካው 30 ቀን አዋጁ ዝም ብሏል። ወደ ድኅረ ወሊዱ ይዞራል የሚል ቃል የለውም። ስለዚህ የድርጅቱን የኅብረት ስምምነት (ሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተዋዋሉትን) እና የውስጥ ደንብ ፈልገው ያንብቡ። አዋጁ የመብት ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ አንዳንድ ድርጅት ከዚያ የተሻለ ጽፏል። እዚያም ከሌለ በዚህ ብቻ ክስ ይክፈቱ ብዬ አልመክርዎትም።

በ9ኙ ቀን ግን እርስዎ ትክክል ነዎት። ያው አንቀጽ 88 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ሐኪም ሲያዝላት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ታገኛለች ይላል። ይህ ከ30ው ቀን የተለየ ነው፤ ከዓመት ፈቃድ ጋርም አይነካካም። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። 5 ዓመት ለሠራ ሰው 18 ነው። ግማሹን ወስደውብዎታል ማለት ነው። ያስመልሱት።

እንዴት? አሁን እዚያው ሆስፒታል እያሉ፣ ከስንት እስከ ስንት ቀን በሐኪም ትእዛዝ እንደተኙ የሚገልጽ ማስረጃ ያስጽፉ። ማኅተም ይኑረው፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ጋ ወረቀት አይደለም። ማመልከቻዎን በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው አንዱን ያስገቡ፣ በሌላው ላይ «ተቀብያለሁ» አስብለው ያስፈርሙ። በስልክ «እሺ እናየዋለን» ከተባሉ ምንም አልተባሉም።

90ው ቀን ሲያልቅ የተመለሱልዎትን ቀናት ጨምረው የዓመት ፈቃድዎን እንዲያስከትሉልዎ አሁኑኑ ይጠይቁ። ደም ግፊቱ እርስዎን ካልተወዎት የሕመም ፈቃድም አለ፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ነው። ይህ ግን ለራስዎ ሕመም ብቻ ነው። የልጁን ሕመም በራስዎ ስም አያስጽፉ፤ ሲጣራ የሚጎዱት እርስዎ ነዎት።

ስለ ባለቤትዎ አልጠየቁኝም፤ እሱም ተቀጣሪ ከሆነ ልንገርዎት። የአባት ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው፤ ይሄኔ አልቆ ይሆናል። ሆኖም አንቀጽ 81 ልዩና አሳሳቢ ሁኔታ ለገጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል፤ በአንድ የበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ። ማሞቂያ ውስጥ ያለ ልጅ አሳሳቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አንዱን ልጁ ቤት ለሚገባበት ሳምንት ያስቀምጠው። ሌሊቱ የሚከብደው ያኔ ነው። እርስዎም በዚሁ አንቀጽ መጠየቅ ይችላሉ።

መባረርን በተመለከተ፣ በእርግዝና ጊዜና ከወለዱ በኋላ እስከ 4 ወር አሠሪው ውልዎን ማቋረጥ አይችልም። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ያለ ፈቃድ ለሚቀር ሰው አይሠራም። አንድም ቀን ቢሆን ሳያስፈቅዱ አይቅሩ።

9ኙን ቀን አንመልስም ካሉ መጀመሪያ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ያመልክቱ። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት አለ፤ ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። እነዚያን ቀናት ከደመወዝዎም ቆርጠው ከሆነ ግን አይዘግዩ፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፎበታል ተብሎ) ይታገዳል።