ኤሌክትሪክ መኪና ማስገባት ብቻውን ይበቃል ወይ?

«መንግሥት የትራንስፖርት ብክለትንና የነዳጅ ብክነትን ለመቀነስ የኤሌክትሪክ መኪና ቢያስገባ ይበቃል ወይስ ሌላ ፖሊሲ ያስፈልጋል?» ብለህ ለጠየቅኸው፣ በአውቶቡስና በከባድ መኪና ጥገና፣ ኋላም በነዳጅ ቁጥጥር ብዙ ዓመት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። አይበቃም። ፖሊሲው ስንት አዲስ መኪና ገባ ብቻ እያለ የሚቆጥር ከሆነ ዋናው ብክነት ያመልጠዋል። መቆጠር ያለበት በአንድ ሊትር ነዳጅ ወይም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ሰውና ስንት ዕቃ የት ድረስ እንደተጓዘ ነው።

የኤሌክትሪክን ጥቅም ማሳነሴ አይደለም። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጎማ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከሩብ ብዙም አይርቅም፤ የቀረው በማርሚታና በራዲያተር ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ከሚወስደው ከ80 በመቶ በላይ ለጉዞ ያውለዋል፤ ፍሬን ሲያዝም ከፊሉን ይመልሳል። ሆኖም አንድ ሰው ብቻ የጫነች ሁለት ቶን መኪና በኤሌክትሪክም ብትሄድ የምትጎትተው በአብዛኛው የራሷን ብረት ነው፤ መንገድ ላይ የምትይዘው ቦታም ያው ነው።

በሠራሁበት ጋራዥ ዓይነታቸው፣ ዘመናቸውና መስመራቸው አንድ የሆነ አውቶቡሶች ፍጆታቸው በጣም ይለያይ ነበር። ስንመረምር የጎማ ንፋስ ማነስ፣ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር (ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨው ዕቃ)፣ እንዲሁም ነዳጅ እየረገጠ ወዲያው ፍሬን የሚይዝ ሾፌር እናገኛለን። ከሁሉ የባሰው ግን በሚኒሞ መቆም ነው። ከባድ የናፍጣ መኪና ሞተሩ እየሠራ ሲቆም አንድ ሜትር ሳይሄድ በሰዓት ሦስት ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ሾፌሮችን አሠልጥነን፣ የእያንዳንዱን መኪና ፍጆታ በየሳምንቱ ሰሌዳ ላይ እየለጠፍን ብዙ አሻሻልን። መጨናነቁ ግን ከአቅማችን በላይ ነበር። ስልሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ አንድ ሰው ከያዙ መኪኖች ኋላ ተሰልፎ ሲንፏቀቅ የትኛውም መካኒክ አያድነውም።

መንግሥት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለአውቶቡስ የተለየ መስመር ለመከለል የሚያስፈልገው ቀለም፣ መለያና ደንቡን የሚያስከብር ሰው ነው። እኔ ብጠየቅ ከማንኛውም የቀረጥ ቅናሽ በፊት ይህን አስቀድማለሁ። አውቶቡሱ ሲፈጥን ያው አንዱ አውቶቡስ በቀን ተጨማሪ ምልልስ ይሠራል፣ ሰልፉ ያጥራል፣ መኪናውን ቤት ትቶ የሚመጣም ሰው ይገኛል።

በክልከላ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ሜክሲኮ ሲቲ እ.ኤ.አ. በ1989 መኪኖች በታርጋቸው የመጨረሻ ቁጥር እየተለዩ በሳምንት አንድ ቀን እንዳይንቀሳቀሱ አገደች። ብዙ ሰው ሌላ ታርጋ ያለው ሁለተኛ መኪና፣ ያውም አሮጌ፣ ገዛ፤ አየሩም እንደታሰበው አልጠራም። የስዊድኗ ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ መሐል ከተማ በሚገቡና በሚወጡ መኪኖች ላይ እንደ ሰዓቱ የሚለያይ ክፍያ በሙከራ ጀመረች፤ የመኪናው ብዛት 20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። አስቀድሞ አብዛኛው ነዋሪ ተቃውሞ ነበር፤ ውጤቱን ካየ በኋላ ግን የከተማዋ ሕዝብ በድምፁ ደገፈው፣ በ2007 ቋሚ ሆነ። ልብ በል፣ ክፍያው ሳይጀመር በፊት ተጨማሪ አውቶቡሶች ተሰማርተው ነበር። አማራጭ ሳታቀርብ ብታስከፍል ሰዉን ማስመረር ብቻ ነው።

የጭስ ምርመራውም በዓመት አንዴ በቀጠሮ መሆኑ ያናድደኛል። ለምርመራው ቀን ጭሱ እንዲቀንስ የናፍጣ ፓምፑን አስቀንሶ፣ ካለፈ በኋላ መልሶ የሚያስከፍት ባለመኪና ብዙ አይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠው የቮልስዋገን ጉዳይም ከዚህ አይለይም፤ ምርመራ ላይ መሆኑን እያወቀ ጭሱን የሚቀንስ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል መኪኖች ውስጥ ተገኘ። መንገድ ላይ ድንገት የሚለካ ቡድን ከሌለ ወረቀቱ ንጹሕ፣ አየሩ ቆሻሻ ይሆናል።

ለኤሌክትሪክ የተያዘ ገንዘብ ካለ ቀድሞ ለከተማ አውቶቡስ ይዋል። መስመሩ የታወቀ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ በየፌርማታው ፍሬን ይይዛል፣ ማታ አንድ ግቢ ያድራል፤ ቻርጅ ማድረጊያውን እዚያው መትከል ይቻላል። የቻይናዋ ሸንዘን ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወደ ኤሌክትሪክ ቀይራ ጨርሳለች። ኃይሉ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነ ግን ከፊሉ ብክለት ወደ ማመንጫው ነው የሚዛወረው፤ ሁለቱ አብረው መታቀድ አለባቸው።

የነዳጅ ድጎማን በተመለከተ፣ ብዙ ሊትር የሚቀዳ ብዙ ድጎማ ስለሚያገኝ ትልቅ መኪና ያለውን ነው የሚጠቅመው። በአንዴ ቢነሣ ደግሞ ታሪፍ ንሮ ተሳፋሪው ይጎዳል። በደረጃ ይነሣና የተረፈው ገንዘብ ለአውቶቡስ ግዢና ጥገና በሕግ ይታሰር። ጥገናን የጨመርኩት ለግዢ የሚገኘው በጀት ለመለዋወጫ ስለማይገኝ ነው፤ በአንድ ዕቃ ምክንያት ለወራት የቆመ ደህና አውቶቡስ አውቃለሁ። ስለዚህ የግዢው ውል ሲፈረም የመለዋወጫውና የባትሪው አቅርቦት ውል አብሮ ይፈረም።