ሰፈርና ትንንሽ ልጆች፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ከቀበሌ ቤት ወጥተን ኮንዶሚኒየም ገባን፣ አራተኛ ፎቅ። የ3 ዓመቱ ልጄ ቀኑን ሙሉ ቤት ነው የሚውለው። ይጎዳዋል?

መልስ፦ ፎቁ አይደለም የሚጎዳው፣ የቀረበት ነገር ነው እህቴ። ድሮ በሩን ወጣ ሲል ልጆች አሉ፣ ቡና የሚቆሉት እማማም አንድ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው፤ ይሮጣል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል፣ አዲስ ቃል ይዞ ይገባል። አሁን ግን የሚያወርደው ሰው ከሌለ ያለው ቲቪና ስልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት የ3 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 60ው እያለከለከ የሚጫወትበት ነው። ስክሪን ደግሞ ከ1 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ይሄ ሳሎን ውስጥ አይሞላም። ከብሎካችሁ እናቶች ጋር ተነጋገሩና ተራ ግቡ፣ አንዷ የሁላችሁንም ልጆች ይዛ ትውረድ። ኮሚቴውንም መኪና የማይደርስበት አንድ ጥግ እንዲከልል ወጥሩት።

ጥያቄ፦ ዋና መንገድ ዳር ነን፣ ጡሩምባው አያባራም። ልጆች ይለምዱታል ይባላል።

መልስ፦ መልመዱንስ ይለምዱታል፣ ጉዳቱ ግን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1975 አርሊን ብሮንዛፍት የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኒውዮርክ ውስጥ የባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት አጥንተው ነበር። በሐዲዱ በኩል የሚማሩት ልጆች ጸጥ ባለው በኩል ካሉት በንባብ እስከ 1 ዓመት ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። በኋላ ሐዲዱ ላይ ጎማ ገብቶ፣ የክፍሎቹ ጣሪያ ድምፅ በሚውጥ ነገር ሲሸፈን ልዩነቱ ጠፋ። ያንተ ልጅ ገና አፉን እየፈታ ከሆነ ደግሞ የምትናገረውን ጥርት አድርጎ መስማት አለበት። አልጋውን ወደ ጓሮ በኩል አዙር፣ የሚያየው ሰው የሌለውን ቲቪ አጥፋ፣ ስታዋራው ቀረብ ብለህ ፊት ለፊት ይሁን።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን ፍሳሹ ክፍት ነው። ልጄ ቶሎ ቶሎ ያስቀምጣታል፣ ትበላለች ግን ኪሎ አትጨምርም። ከፍሳሹ ጋር ይገናኛል?

መልስ፦ በጣም ይገናኛል። የምትድህ ልጅ መሬት የነካ እጇን ወዲያው አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። ጀርሙ ሲመላለስ አንጀት ይቆጣል፣ የተቆጣ አንጀት ደግሞ የገባለትን ምግብ በደንብ አይወስድም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንዲህ ከቀጠለ ቁመቷ ብቻ አይደለም የሚቀረው፣ አእምሮዋም የሚያድገው በዚያው ምግብ ነው። ዛሬ ነገ ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ይመዝኗት። ቤት ውስጥ የምትድህበት የሚታጠብ ምንጣፍ ለይላት፣ ዶሮ ካላችሁ እዚያ አይድረስ። ፍሳሹን ግን ብቻሽን አትችይውም፣ ጎረቤት አስተባብረሽ ወረዳ ሂዱ።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምንኖረው። ለልጆቹ ስንል ኪራይ ጨምረን የተሻለ ሰፈር ብንገባ ዋጋ አለው?

መልስ፦ ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑ አዎ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ በ5 ከተሞች፣ የመንግሥት ቤት ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ድሃ ቤተሰቦች በዕጣ የኪራይ ድጋፍ ተሰጥቷቸው ድህነት ወዳልበዛበት ሰፈር እንዲሄዱ ተደርጎ ነበር። የኢኮኖሚ ባለሙያው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ 13 ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ልጆች በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ካልተዛወሩት 31 በመቶ ያህል የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ጎረምሳ ሆነው የተዛወሩት ግን አልተጠቀሙም። ስለዚህ መሄዳችሁ ካልቀረ አሁን ሂዱ። ብቻ ኪራዩ ሁለታችሁንም ድርብ ሥራ የሚያሠራችሁ ከሆነ፣ ወይም ልጆቹን ከምትይዝላችሁ አያታቸው የሚያርቃችሁ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ባለሁበት ቆይቼ ጥሩ መዋያ እፈልግላቸው ነበር።