የስታዲየም ሰፈርን ለምትነድፉ ወጣቶች

ልጆቼ፣ የአዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ የመልሶ ማልማት ጥናት እጃችሁ ቢገባ፣ ባለ ቀለም ሥዕሉን አቆዩትና መጀመሪያ የዓመቱን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሜዳው በኳስና በአትሌቲክስ በዓመት 40 ቀን ተጨናነቀ ብንል እንኳ ሰፈሩ 325 ቀን ያለ ውድድር ይኖራል። በዚያ ላይ አጠገቡ መስቀል አደባባይ አለ፤ መስከረም 16 ደመራ፣ ከዚያ እሬቻ፣ ኅዳር አካባቢ ታላቁ ሩጫ። እነዚህን ያላካተተ የትራፊክ ጥናት አትቀበሉ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የኢድ ሰላት ጠዋት ነው። ፕላነሮች ስታዲየም ሲባል ኳስ ተመልካች ብቻ ስለሚታያቸው ይረሱታል። ሰጋጁ ውስጡን ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ይሰለፋል። ለአንድ ሰው 60 ሳ.ሜ. ወርድና 1.20 ሜትር ርዝመት ያዙ፤ 0.72 ካሬ ሜትር ይሆናል። 105 በ68 የሆነው ሜዳ 7,140 ካሬ ነውና 9,900 ሰው ገደማ ይይዛል። የቀረው የሩጫ መሙና መንገዱ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላው፣ ማለት የስግደቱ አቅጣጫ፣ ወደ ሰሜን ስለሆነ ሰፉ፣ ማለት የሰጋጆቹ መስመር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። ለጌጥ ብላችሁ መንገዱ መካከል የምትደረድሩት የአበባ ገንዳና የብረት አጥር ያንን ሰፍ ይቆራርጠዋል። ገንዳው ተነቃይ ይሁን፤ ከሰላት በፊት ለሚታጠቡበት የውዱእ ቧንቧም በቦቴ ከመለመን ቀድሞ መስመር ይዘርጋለት።

አሁን ወደ በሩ። የእንግሊዞች የስፖርት ሜዳ ደህንነት መመሪያ ሲሰላ በደቂቃ በአንድ ሜትር ወርድ በደልዳላ መሬት 82 ሰው፣ በደረጃ 66 ሰው ይወጣል ይላል፤ የመውጫው ጊዜም ከ8 ደቂቃ አይበልጥም። ለ35,000 ተመልካች በደልዳላ 53.4 ሜትር፣ በደረጃ 66.3 ሜትር የመውጫ ወርድ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህን ሁሉም ያሰላዋል። ስህተቱ የሚመጣው ከበሩ ውጭ ነው። ሥዕሉ ላይ 3 ሜትር የሆነው የእግረኛ መንገድ የመብራት ምሰሶ፣ ሊስትሮና የሎተሪ ጠረጴዛ ሲቀነስ 1.80 ይቀራል፤ በደቂቃ 148 ሰው ብቻ ያሳልፋል። በሩን ብታሰፉት ሕዝቡን ወደ ጠባብ ጉሮሮ መግፋት ነው። ስለዚህ ሜትር ይዛችሁ ውረዱ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለኩ፣ ከበሩ ጀምራችሁ እስከ ለገሃር፣ እስከ ሜክሲኮ፣ እስከ ካዛንቺስ። የምትጽፉት ከሁሉም የጠበበውን ነው።

«ባቡሩ ያነሳቸዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሪፖርታችሁ ውስጥ አይግባ። አንድ ባቡር 250 ሰው ቢያነሳና በየ10 ደቂቃው ቢመጣ፣ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 1,500 ሰው ነው። ጣቢያው ደግሞ ከፍ ብሎ በድልድይ ላይ ያለ በመሆኑ 2 ሜትር ስፋት ያለው ደረጃ በደቂቃ 132 ሰው ብቻ ያስተናግዳል። አብዛኛው ሕዝብ በእግሩ ሄዶ ታክሲ ይሳፈራል፤ ንድፉም ለእግረኛው ነው የሚሠራው። ለመኪና ማቆሚያ ሌላ ጉድጓድ አትቆፍሩ፤ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የመስቀል አደባባይ ምድር ቤት 1,400 ያህል መኪና ይይዛል፤ የሚያስፈልገው የጋራ አጠቃቀም ስምምነት ነው።

ስለ ሱቆቹ እንነጋገር። በትሪቡኑ ሥር የሚሸጡት ማሊያና የስፖርት ትጥቅ፣ ካፌና ምግብ ቤቱ፣ ያንን 325 ቀን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አንስቶ «ሲያልቅ ትመለሳላችሁ» ማለት የተለመደ ጥፋት ነው። ደንበኛ ሁለት ዓመት አይጠብቅም፤ ተመላሹም በአዲሱ ኪራይ አይችልም። ትሪቡኑን በአራት ከፍላችሁ በየተራ ሥሩ፤ የመጀመሪያው ሩብ ነጋዴ እዚያው አጠገብ ጊዜያዊ ሱቅ ያግኝ፤ የኪራይ ቀመሩም ከመፍረሱ በፊት በጽሑፍ ይታወቅ። አዲሶቹን ሱቆች ከ6 እስከ 8 ሜትር ጥልቀት፣ በራቸው ወደ መንገድ አድርጓቸው፤ ረጅም የመስታወት ግድግዳና የጥበቃ በር ያለው ምድር ቤት ማታ ላይ መንገዱን ይገድለዋል። በዙሪያው ላሉ ባለይዞታዎች ደግሞ የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጁን፣ ቁጥር 1161/2011ን፣ ከነማሻሻያው አንብቡ፤ በፕላኑ መሠረት ራሳቸው ማልማት ለሚችሉ ቅድሚያ የሚሰጠው አንቀጽ ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በጥር 1954 ዓ.ም. በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን 4 ለ 2 ያሸነፍንበት ሜዳ ነውና አንድ የድሮ ክፍል ይቆይ የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም። እኔ ይቆይ ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ኮንክሪቱ ግን በባለሙያ ተመርምሮ ነው።

የመጨረሻው የክረምቱ ውሃ ነው። 10 ሄክታር ንጣፍ ላይ በሰዓት 60 ሚ.ሜ. ዝናብ ቢወርድና 85 በመቶው ቢፈስ፣ በሰከንድ 1.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ወደ ባንተ ይቅጡ ወንዝ የሚወርድ ውሃ በአሮጌው ቱቦ ይገባ እንደሆነ የቱቦውን ስፋትና ተዳፋት ለክታችሁ አረጋግጡ፤ ደለል ተቀንሶ ይታሰብ። ከዚያ የውሃ፣ የመብራትና የቴሌ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሥዕል ላይ ሳይፈርሙ አስፋልት የሚባል ነገር እንዳይፈስ፤ አለበለዚያ በመጀመሪያው ክረምት ቆፋሪው ይመጣል።