ካሜራ ልግዛ ወይስ ሙያውን ልተው?

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። በአንድ ቪዲዮ ቤት የሰርግ ኤዲተር ሆነሽ ዓመት ሞልቶሻል። ኮምፒውተርሽ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ኤችዲ ዲቪዲ ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል፣ የሙሽራዋ የጥበብ ቀሚስም ይርገበገባል። አለቃሽም ተቆጣ። «አዲስ ካሜራ ልግዛ ወይስ ሙያውን ልተው?» ብለሻል።

ሁለቱንም ተዪው። ካሜራሽም አንቺም ደህና ናችሁ። የጎደለሽ የመጨረሻው ደረጃ፣ ማለትም ያለቀውን ቪዲዮ ለዲስክ አመቻችቶ ማውጣት ነው፣ እሱ ደግሞ በልምምድ ይመጣል።

ኤችዲ 1920 በ1080 ፒክስል ነው። የእኛ ፓል (በአገራችን የሚሠራበት የቲቪ ስታንዳርድ) ዲቪዲ ግን የሚይዘው 720 በ576 ብቻ ነው። ስለዚህ ጥራቱ መቀነሱ አይቀርም፣ በእሱ ራስሽን አትውቀሺ። መርገብገቡን ግን ማስቀረት ይቻላል። የጥበቡ ቀጫጭን መስመሮች ምስሉ ሲያንስ ቦታ ያጣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ። እዚያ ቦታ ላይ በጣም ትንሽ ብለር (ማደብዘዣ) ጨምሪ፤ ቀሚሱ ይረጋጋል። ቀረጻው ኢንተርሌስድ ከሆነ፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ፊልድ በሚባሉ ሁለት ግማሾች ተከፍሎ ተራ በተራ የሚታይ ከሆነ፣ የፊልድ ቅደም ተከተሉንም አረጋግጪ። ከተገለበጠ ሙሽሮቹ ሲራመዱ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ትልቁ ጣጣ ግን ርዝመቱ ነው። የሦስት ሰዓት ሰርግ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ስታጨናንቂ፣ ለድምፅም ለምስልም በሰከንድ የሚደርሰው 3.5 ሜጋቢት ገደማ ነው። ዲቪዲ ግን ለምስል ብቻ እስከ 9.8 ሜጋቢት ይፈቅዳል። እስክስታው ሲደራ ምስሉ ዳማ ዳማ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሰርጉን በአንድ፣ መልሱን በሌላ ዲስክ አድርጊው። በሁለት ዙር ኢንኮዲንግ አውጪው፤ ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ዙር ቪዲዮውን ያጠናል፣ በሁለተኛው ያምቀዋል። ድምፁን ፒሲኤም በሚባለው ባልታመቀ ቅርጽ አትተዪው፣ ብቻውን 1.5 ሜጋቢት ይበላል፤ ዶልቢ ዲጂታል የሚባለው የታመቀ ድምፅ በ192 ኪሎቢት ይበቃል። ደግሞ እባክሽ፣ መጀመሪያ ወደ ትንሽ ኤምፒ4፣ ከዚያ ወደ ዲቪዲ አትቀይሪ። ምስሉ ሁለቴ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሥራሽ። የአንድ ደቂቃ እስክስታ ቁረጪ። በድሮው አሠራርሽና በአዲሱ አውጪው፣ በተራ የቤት ቲቪ ላይ ለአለቃሽ ጎን ለጎን አሳዪው። ለሥራ ስታመለክቺም ይህንኑ ይዘሽ ሂጂ። ሲቪው ላይ «ኤዲተር» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ሥራው ደንበኛ ቤት ደርሶ ምን እንደሚመስል የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዲስክ የሚጠይቅ ሰው ቢቀንስ እንኳ ቢትሬትና (በሰከንድ የሚደርሰው የዳታ መጠን) የፋይል መጠን ማመጣጠን ለዩቲዩብም ለቴሌግራምም ያስፈልግሻል።

ለካሜራ ያጠራቀምሽውን ብር ለጊዜው አትንኪው። ሙከራሽን ላኪልኝ፣ ቀሚሱን አብረን እናየዋለን።