«ግፊት ነው» ያልኩባት ሌሊት

ባለፈው ሳምንት የሰመመን ሕክምና የምትማር አንዲት ወጣት፣ «ለድንገተኛ ሲ-ሴክሽን ስፓይናል ከሰጠሁ በኋላ ቀዶ ሐኪሙን ስንት ደቂቃ ላስጠብቀው?» አለችኝ። ስፓይናል በጀርባ በኩል በመርፌ የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። የፈለገችው ቁጥር ነበር። እኔ ግን አንዲት እናት ትዝ አለችኝና ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

በሰመመን ሰጪነት ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የጽንሷ የልብ ምት ወደ 70 ወርዶ አልመለስ ያላትን እናት በሩጫ አስገቡልን። አስቀምጬ ጎንበስ አደረግኳት። መርፌው በመጀመሪያው ሙከራ ገባ፤ ጥርት ያለ ፈሳሽ መጣልኝ። ማደንዘዣውን፣ ሄቪ ቡፒቫኬይኑን፣ ሰጥቼ አስተኛኋትና ጠረጴዛውን ወደ ግራ ዘንበል አደረግኩት። በራሴ ኮርቼ ነበር። ታጥቦ የቆመው ቀዶ ሐኪም ሆዷን በፒንሳ ቆንጠጥ አድርጎ «ያምሻል?» አላት። «አያምም።» ወደ እኔ ዞረ። «ቀጥል» አልኩት።

ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። የታችኛው ሆድ ቆዳ ደነዘዘ ማለት ማህፀን ሲጎተት፣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ሲነካ አያምም ማለት አይደለም። ያንን ሕመም የሚያደርሱት ነርቮች ከፍ ብለው ነው የሚገቡት። ስለዚህ ቅዝቃዜ እስከ ጡቷ ጫፍ፣ እኛ ቲ-4 እስከምንለው ድረስ ሊጠፋባት ይገባል። አልኮል የነካ ጥጥ በግራም በቀኝም እያስነኩ ሽቅብ መውጣት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ጥጡ እኮ አጠገቤ ነበር። ለጠያቂዬም የመለስኩላት ሰዓቱን ትታ ጥጡን እንድትይዝ ነው።

ልጁ ወጣ፤ አለቀሰ። ማህፀኑን ወደ ውጭ አውጥተው መስፋት ሲጀምሩ «ያመኛል» አለች። «ግፊት ነው፤ መነካካቱ ነው እንጂ ሕመም አይደለም» አልኳት። ደገመችው። እኔም ደገምኩላት። ከዚያ ዝም አለች፤ ዝምታዋን ቀለል እንዳላት ቆጠርኩት። ቻርቱን እየሞላሁ ቀና ስል እንባዋ ከዓይኗ ጠርዝ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል። የእጅ ማሳረፊያውን ጨብጣ ጣቶቿ ነጥተዋል። ሕመም የሚያስታግሰው ኬታሚን በሲሪንጅ ተቀድቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። አልነካሁትም። ሊያልቅ ነው ብዬ።

የልጁን አፕጋር፣ አራስ እንደተወለደ የሚሰጠውን የጤንነት ነጥብ፣ 8 ብዬ ጽፌያለሁ። በነገራችን ላይ፣ በ1953 እ.ኤ.አ. ያንን መመዘኛ ያሳተመችው ቨርጂኒያ አፕጋር የእኛው ሙያ ሰው መሆኗን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? የሕጻኑ ቀለም፣ የልብ ምቱ፣ አተነፋፈሱ ሁሉ ነጥብ አለው። የእናቲቱን ሕመም የምሞላበት ሳጥን ግን ቻርቴ ላይ አልነበረም። ቢኖርም ዜሮ ብዬ እሞላው ነበር።

እናንተ አዲሶቹ ሰመመን ሰጪዎች ከእኛ ትሻላላችሁ፤ ወገብ በአልትራሳውንድ ታያላችሁ። ግን ዓይናችሁ ከሞኒተሩ አይነቀልም፤ ከተነቀለም ስልካችሁ ላይ ነው የሚያርፈው። እኔም ብሆን ቻርት ላይ ያቀረቀርኩት ስልክ ስላልነበረኝ ይሆናል።

ከሙሉ ሰመመን በፊት ኦክስጅን ስጡ፣ ሰክሽን አዘጋጁ እያልኩ አልመክራችሁም፤ ያንን ካላወቃችሁ እዚያ ክፍል ምን ትሠራላችሁ? «ቀዶ ሐኪም አያጣድፋችሁ» ስል ግን ሁሌም ራሴን እሰማዋለሁ። እውነቱን ካወራን፣ ያን ሌሊት አጣድፎኝ ባይሆን ልጁ እንዲያ ያለቅስ እንደነበር እንጃ። በ70 ምት ላይ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው። ጥጡን ባስነካና አልደረሰም ቢሆን፣ መድኃኒቱ ሽቅብ እንዲወጣ ራስጌዋን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ወይም በሙሉ ሰመመን ማስተኛት እችል ነበር።

ከልጁ በኋላ ለሆነው ግን ምን ሰበብ አለኝ? የሚያጣድፈን ነገር አልቋል እኮ። «ያመኛል» ስትል ቀዶ ሐኪሙን «እጅህን አንሳ» ብዬ ኬታሚኑን መስጠት፣ ካልበቃት ማስተኛት ነበረብኝ። እሷንም ማመን።

በማግስቱ ዋርድ ሄድኩ። ልጇን እያጠባች ነበር።

«ዶክተር፣ ትናንት ያመመው እኔን ነበር ወይስ እርስዎን?» አለችኝ።

የሆድ ዕቃ ሽፋን ነርቭ ከየት እንደሚነሳ አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝ፤ ስጨርስ ልጇን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረችው።