መልስ፦ ሕክምናው ነፃ ሆኖ በድሃና በሀብታም መካከል ያለው የጤና ልዩነት ለምን አልጠበበም?

ወንድሜ፣ "ክሊኒክ ተከፍቶ፣ ሕክምናው ነፃ ሆኖ ድሆች ለምን አብዝተው ይታመማሉ?" ላልከው፣ ሕመሙ የሚጀምረው ክሊኒክ ከመድረሱ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። አስም ያለባት ልጅ መድኃኒቷን ስትወስድ ይሻላታል፤ ማታ የምትተኛው ግን ግድግዳው ሻጋታ ባወጣ፣ ጭስ መውጫ በሌለው ክፍል ነው። በሳምንቱ ትመለሳለች። እናቷ የቀን ሠራተኛ ከሆነች ደግሞ ወረፋ ስትጠብቅ የዋለችበት ቀን ክፍያ የለውም፤ ነፃ የተባለው ሕክምና ለእሷ ነፃ አይደለም።

ነገሩ በድህነት ብቻም አያበቃም። በ1967 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተጀመረው የኋይትሆል ጥናት፣ የሥራ ደረጃ ዝቅ ባለ ቁጥር በልብ ሕመም የመሞት አደጋ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ሁሉም ደመወዝተኞች ነበሩ እኮ!

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማየው ቤቱን፣ ውኃውንና የሥራ ሁኔታውን ነው። ነዋሪዎቹንም ጠይቃቸው፤ ክሊኒኩ በስንት ሰዓት ቢከፈት እንደሚመቻቸው እንኳ የጠየቃቸው ላይኖር ይችላል።