ከፍታን የለመደ ደም ለልጅ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ በሥራ ምክንያት ከቆላ ወደ ከፍተኛ ተራራማ ቦታ ከተዛወርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ፣ ሌሊት ራሴን ያመኝ ነበር፤ አሁን ግን ደህና ነኝ። ሰውነቴ ተለውጦ ይሆን? ለውጡስ ለልጆቼ ይተላለፋል?

መልስ፦ ሰውነትዎ በእርግጥ ተለውጧል፤ ይህ ለውጥ ግን በዘር አይተላለፍም። «መላመድ» የሚለው ቃላችን እጅግ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስለሚጠቀልል፣ ጥያቄው ብዙዎችን ያደናግራል።

በ4,000 ሜትር ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አተነፋፈስና የልብ ምት ይፈጥናል፤ ቀጥሎ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጭና መቅኔ ተጨማሪ ቀይ የደም ሴሎችን እንዲሠራ ያዛል። ወደ ቆላ ሲመለሱ ይህ ሁሉ በሳምንታት ውስጥ ይቀለበሳል።

በዘር የሚተላለፈው መላመድ ብዙ ትውልድ ይፈጃል፤ መፍትሔውም በየቦታው አንድ አይደለም። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) ከፍ ያለ ሲሆን፣ የቲቤት ሰዎች ግን በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይበልጥ ሄሞግሎቢን ይዘው በዚያው ከፍታ ይኖራሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ላይ የተመረመሩ ደገኞችም እንዲሁ ሄሞግሎቢናቸው ከቆላ ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ቀይ ሴሎች ሲበዙ የሚመጣው የደም መወፈር ጥቅም ይመስላል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን በቀጫጭን የደም ሥሮች ለማለፍ ስለሚከብደው ልብን ያደክማል፤ በዚህ ረገድ የቲቤቶቹ መንገድ ለእኔ ይበልጥብኛል። ይህን ያስቻላቸው የዘረመል ልዩነት እ.ኤ.አ. በ2014 እንደታወቀው፣ ዴኒሶቫውያን ከተባሉት፣ ከጠፉ ጥንታዊ የሰው ዘመዶች የመጣ ነው።

ዘረመል እስኪለወጥ ግን ማንም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። የአንዲስ ገበሬዎች ድንችን ሌሊት ውርጭ ላይ ዘርግተው ያሳድራሉ፤ ቀን በረዶው ሲቀልጥ በእግራቸው እየረገጡ ውኃውን ያወጡታል፤ ለቀናት ይህን ደጋግመው በፀሐይ ያደረቁት ድንች ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። ይህን ጥበብ ልጅ ከእናቱ በአንድ ወቅት ይማረዋል።

ልጆችዎ እዚያው ተወልደው ቢያድጉ ደግሞ ሳንባቸው ከቆላ ልጆች ሳንባ ሰፋ ሊል ይችላል፤ ይህንንም ቢሆን የሚያገኙት በዕድገታቸው ዘመን ከሚተነፍሱት አየር እንጂ ከእርስዎ ደም አይደለም።